«ፓተንት» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ትርጉሞችና አገባቦች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

«ፓተንት» የሚለው ቃል በሕግ ሰነድ ላይ፣ በዕቃ ማሸጊያ ላይ፣ በሐኪም የምርመራ ውጤት ላይና በጫማ መሸጫ ውስጥ ይገኛል፤ በእነዚህ ቦታዎች ሁሉ ግን የሚናገረው ነገር አንድ አይደለም። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች በዋናነት የሚያተኩሩት ቃሉ የፈጠራ ባለቤቶችን መብት በሚመለከትበት አገባቡ ላይ ሲሆን፣ ሌሎቹንም አንባቢ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ ሲያገኛቸው እንዳይደናገር ያብራራሉ። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፓተንት በዋናነት ምን ማለት ነው?

ፓተንት መንግሥት ለአንድ ፈጠራ ባለቤት ለተወሰነ ጊዜ የሚሰጠው መብት ነው። ባለመብቱ ሌሎች ሰዎች ያለ እርሱ ፈቃድ ፈጠራውን እንዳይሠሩ፣ እንዳይጠቀሙበት፣ እንዳይሸጡና ከውጭ እንዳያስገቡ መከልከል ይችላል። በምላሹ ፈጠራው እንዴት እንደሚሠራ፣ በሙያው የሠለጠነ ሌላ ሰው አንብቦ ሊደግመው በሚችል ግልጽነት ጽፎ ለሕዝብ ይፋ ማድረግ ይጠበቅበታል። ስለ ፓተንት ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ክልከላው ብቻ ነው፤ ይፋ ማድረጉ ግን የመብቱ ዋጋ ነውና ከክልከላው ተነጥሎ ሊታይ አይገባም። ምስጢሩን ሊገልጥ የማይፈልግ ሰው ፓተንት አይሰጠውም።

በእንግሊዝኛ ቃሉ መብቱን ብቻ ሳይሆን መብቱ የተጻፈበትን ሰነድም ያመለክታል፤ በልማድም ፈጠራውን ራሱን ለመጥራት ይውላል። እንደ ግስ ሲገባ ደግሞ ለአንድ ፈጠራ ይህን መብት ማግኘት ማለት ነው።

ቃሉ ከየት መጣ?

ምንጩ «ክፍት መሆን» የሚል ትርጉም ያለው «ፓቴሬ» የተባለው የላቲን ግስ ነው። በመካከለኛው ዘመን የእንግሊዝ ነገሥታት ጽሕፈት ቤት ሁለት ዓይነት ደብዳቤዎችን ያወጣ ነበር። አንደኛው ታጥፎ የሚታሸግና ማኅተሙ ካልተሰበረ ሊነበብ የማይችል ዝግ ደብዳቤ ሲሆን፣ ሁለተኛው ማኅተሙ ከብራናው ግርጌ የተንጠለጠለ፣ ማንም ሰው ማኅተሙን ሳይነካ ሊያነበው የሚችል ክፍት ደብዳቤ ነበር። ይህ ሁለተኛው «ሌተርስ ፓተንት» ይባል ነበር። ንጉሡ ርስት፣ ማዕረግ፣ ሹመት ወይም በአንድ ሙያ ብቻውን የመሥራት መብት ለአንድ ሰው ሲሰጥ፣ ሁሉም ሰው ይወቀው በሚል መንፈስ በዚህ ደብዳቤ ያስታውቅ ነበር።

በ1449 ንጉሥ ሄንሪ 6ኛ ለዩቲናሙ ጆን ባለ ቀለም መስታወት የመሥራት ሙያን ለ20 ዓመት ብቻውን እንዲይዝ የሰጡት ደብዳቤ ለፈጠራ ከተሰጡት ቀደምት መብቶች አንዱ ነው። ቬኒስ ደግሞ በ1474 ባወጣችው ሕግ፣ አዲስና ብልሃት ያለበት መሣሪያ ሠርቶ ያስመዘገበ ሁሉ ለ10 ዓመት እንዲጠበቅለት ደነገገች። የቬኒስን ሕግ ከእንግሊዙ ደብዳቤ የሚለየው የንጉሥ ችሮታ አለመሆኑ ነው፤ መስፈርቱን ያሟላ ሁሉ የሚያገኘው መብት ነበር።

በእንግሊዝ ግን ችሮታው እየተበላሸ ሄደ። ነገሥታቱ ገንዘብ ለማግኘትና ባለሟሎቻቸውን ለማስደሰት ሲሉ፣ ማንም ባልፈጠራቸው እንደ ካርታ መጫወቻ ባሉ ተራ ዕቃዎች ላይ ጭምር ብቸኛ የንግድ መብት መስጠት ጀመሩ። ፓርላማው በ1624 ባጸደቀው ሕግ እነዚህን የሞኖፖል መብቶች በጠቅላላው ሲሽር፣ ለአዲስ ሥራ እውነተኛና የመጀመሪያ ፈጣሪ እስከ 14 ዓመት የሚሰጠውን መብት ብቻ አስቀረ። የ14 ዓመቱ ልክ የመጣው ከሁለት የሙያ ተለማማጅነት ዘመናት ድምር ነው፤ በዚያ ዘመን አንድ ተለማማጅ ሙያውን ለመማር 7 ዓመት ያገለግል ነበርና። ዛሬ የምናውቀው የፓተንት ሕግ በአብዛኛው የተገነባው በዚህ ልዩ ሁኔታ ላይ ነው።

የጥንቱ ትርጉምም አልጠፋም። በብሪታንያ የመኳንንት ማዕረግ እስከ ዛሬ በ«ሌተርስ ፓተንት» ይሰጣል። በአሜሪካም መንግሥት መሬትን ለግለሰብ ያስተላለፈበት የመጀመሪያው ሰነድ «ላንድ ፓተንት» ይባላል፤ በ1862ቱ የሰፈራ ሕግ መሬት ያገኙ ገበሬዎች የተቀበሉት ይህንን ነበር። ስለዚህ በአሮጌ ሰነድ ላይ ቃሉን ሲያዩ ጉዳዩ ስለ ፈጠራ ነው ብሎ መቸኮል ስህተት ላይ ይጥላል።

ፓተንት ያለው ሰው ፈጠራውን እንደ ልቡ መሥራት ይችላል ማለት ነው?

አይደለም፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ካሉት የተሳሳቱ ግንዛቤዎች ሁሉ ብዙ ጉዳት የሚያስከትለውም ይህ ይመስለኛል። ፓተንት ሌላውን የመከልከል መብት እንጂ የመሥራት ፈቃድ አይደለም። አንድ ፈጠራ በሌላ ሰው ፓተንት በተያዘ ፈጠራ ላይ የቆመ ከሆነ፣ ሁለተኛው ሰው የራሱ ፓተንት ቢኖረውም ከመጀመሪያው ባለመብት ፈቃድ ሳያገኝ ወደ ሥራ ሊገባ አይችልም። አዲስ መድኃኒትም ፓተንት ስለተሰጠው ብቻ ለሽያጭ አይቀርብም፤ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን ደኅንነቱንና ፈዋሽነቱን ለይቶ መመርመር አለበት።

የጄምስ ዋት ታሪክ ይህን በግልጽ ያሳያል። ዋት የእንፋሎት ሞተርን ባሻሻለበት የተለየ ማቀዝቀዣ ላይ በ1769 ፓተንት አገኘ፤ ፓርላማውም በ1775 መብቱን እስከ 1800 አራዘመለት፤ በዚህም ተፎካካሪዎቹን ለብዙ ዓመታት ከሥራው አርቋል። ይሁን እንጂ የሞተሩን የወደ ላይና ወደ ታች እንቅስቃሴ ወደ ዙር እንቅስቃሴ ለመለወጥ በፈለገ ጊዜ፣ ቀላሉን መንገድ ማለትም ክራንኩን (ዘንግን የሚያዞር እጀታ መሰል ክንድን) ጄምስ ፒካርድ በ1780 ባወጣው ፓተንት ይዞት አገኘው። ዋትም በ1781 አንዱ ጥርስ ያለው ጎማ በሌላው ዙሪያ የሚዞርበትን የተለየ አሠራር አስመዘገበ። በዘመኑ በሞተር ፓተንት የታወቀው ሰው በሌላ ሰው ፓተንት ተከልክሎ መንገዱን ለመቀየር ተገዷል።

ለምን ዓይነት ሥራ ፓተንት ይሰጣል?

በአብዛኞቹ አገሮች ሕግ ፈጠራው አዲስ መሆን፣ የፈጠራ ብቃት ያለው መሆንና በኢንዱስትሪ ሊተገበር የሚችል መሆን አለበት። አዲስ የሚባለው ማመልከቻው ከመቅረቡ በፊት በየትም የዓለም ክፍል ለሕዝብ ያልተገለጠ ሲሆን ነው።

አስቸጋሪው መስፈርት ሁለተኛው ነው። የፈጠራ ብቃት አለው የሚባለው በሙያው የሠለጠነ ተራ ባለሙያ ቀድሞ የሚታወቀውን ነገር ይዞ በቀላሉ ሊደርስበት የማይችል ሲሆን ነው። ሃይመን ሊፕማን በ1858 በአንድ ጫፉ ላጲስ የተገጠመለት እርሳስ ላይ በአሜሪካ ፓተንት አግኝቶ ነበር፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በ1875 ይህንን የእርሳስ ፓተንት በተመለከተ በሰጠው ውሳኔ፣ እርሳሱ እንደ ቀድሞው ይጽፋል፣ ላጲሱም እንደ ቀድሞው ያጠፋል፣ በመገጣጠማቸው የተገኘ አዲስ ውጤት የለም በማለት ፓተንቱ ዋጋ እንደሌለው ወሰነ። ዕቃው ጠቃሚ መሆኑንና በገበያ መወደዱን ማንም አልካደም፤ ጠቃሚነትና ፈጠራ ግን የተለያዩ ናቸው።

የተፈጥሮ ሕግ፣ የሒሳብ ቀመርና ረቂቅ ሐሳብ በራሳቸው ፓተንት አይሰጣቸውም። በሕይወት ባሉ ነገሮች ላይ ድንበሩ የት እንደሚሰመር ብዙ አከራክሯል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1980 በሰው ጥበብ የተለወጠ፣ ድፍድፍ ዘይትን የሚያብላላ ባክቴሪያ ፓተንት ሊያገኝ ይችላል ሲል፣ በ2013 ደግሞ ከሰው አካል ተለይቶ የወጣ የተፈጥሮ ጂን፣ ተለይቶ ስለወጣ ብቻ ፓተንት አይገባውም ብሏል።

ማመልከቻ ከማስገባቴ በፊት ፈጠራዬን ለሰው ባሳይ ምን ይከተላል?

መብትዎን ሙሉ በሙሉ ሊያጡ ይችላሉ። አዲስነት የሚለካው ለሕዝብ ከተገለጠው ነገር ጋር በማነጻጸር ስለሆነ፣ የራስዎ ንግግር፣ የራስዎ ጽሑፍ፣ በዐውደ ርእይ ላይ ያቀረቡት ናሙና ወይም በኢንተርኔት የለጠፉት ቪዲዮ በእርስዎ ላይ ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል። አሜሪካና ጃፓን ፈጣሪው ራሱ ከገለጠበት ቀን ጀምሮ የ1 ዓመት የእፎይታ ጊዜ ይሰጣሉ፤ በአውሮፓ የፓተንት ስምምነት ግን በጣም ከጠበቡ ልዩ ሁኔታዎች በቀር እንዲህ ያለ እፎይታ የለም። ስለዚህ በአንድ አገር መብት ያስገኘ ማመልከቻ በሌላው አገር በፈጣሪው በራሱ የደስታ መግለጫ ምክንያት ውድቅ ሊሆን ይችላል። የዓመታት ድካም በዚህ መንገድ ሲባክን ማየት የሚያሳዝን ነውና ይህን ነጥብ አጥብቀው እንዲይዙት እለምናለሁ፦ አስቀድመው ያመልክቱ፣ ከዚያ ይናገሩ። ከማመልከትዎ በፊት ለባለሀብት ወይም ለአምራች ማሳየት ግድ ከሆነብዎ፣ ምስጢር ለመጠበቅ የሚያስገድድ ስምምነት በጽሑፍ ተፈርሞ ይያዝ።

ጊዜ ራሱም ዋጋ አለው። ዛሬ በሁሉም ዘንድ ለማለት ይቻላል፣ መብቱ የሚሰጠው አስቀድሞ ለፈጠረው ሳይሆን አስቀድሞ ላመለከተው ነው፤ ለረጅም ጊዜ በተለየ መንገድ ስትሄድ የቆየችው አሜሪካም ከመጋቢት 2013 ጀምሮ ወደዚህ ሥርዓት ገብታለች። በስልክ ጉዳይ የአሌክሳንደር ግራሃም ቤል ማመልከቻና የኤሊሻ ግሬይ ሰነድ የካቲት 14 ቀን 1876 በአንድ ቀን ለጽሕፈት ቤቱ መድረሳቸው ያስነሳው ክርክር እስከ ዛሬ በታሪክ ጸሐፊዎች መካከል አልበረደም።

በዕቃ ላይ «ፓተንት ፔንዲንግ» ተብሎ ሲጻፍ ምን ማለት ነው?

ማመልከቻ ቀርቧል፣ ውሳኔ ግን ገና አልተሰጠም ማለት ነው። ጽሑፉ ለተፎካካሪ ማስጠንቀቂያ ይሆናል እንጂ ማመልከቻው ብቻውን ሌላውን ለማስቆም ሥልጣን አይሰጥም። ማመልከቻ ሳያቀርቡ እንዲህ ብሎ መጻፍ በብዙ አገሮች በሕግ ያስጠይቃል። ለገዢ ደግሞ ይህ ጽሑፍም ሆነ የፓተንት ቁጥር ስለ ዕቃው ጥራት ምንም አያረጋግጥም፤ መርማሪው የሚመረምረው አዲስነቱን እንጂ ለስንት ዓመት እንደሚያገለግል አይደለም።

የፓተንት ሰነድ እንዴት ይነበባል?

በመጀመሪያው ገጽ ላይ ከእያንዳንዱ መረጃ አጠገብ ትንንሽ ቁጥሮች ይገኛሉ። እነዚህ ቁጥሮች በሁሉም አገር ተመሳሳይ ስለሆኑ ቋንቋውን የማያውቅ ሰው እንኳ ሰነዱን ሊያጣራ ይችላል። 54 ርዕሱን፣ 72 ፈጣሪውን፣ 73 ባለመብቱን፣ 22 ማመልከቻው የቀረበበትን ቀን፣ 57 ደግሞ አጭር መግለጫውን ያመለክታል። ከሰነዱ ቁጥር ቀጥሎ የሚመጣውን ፊደል በጥንቃቄ ማየት ያስፈልጋል። በአውሮፓ የፓተንት ጽሕፈት ቤትና ከ2001 ወዲህ በአሜሪካ፣ «ኤ» የሚለው ፊደል የታተመ ማመልከቻን ሲያመለክት «ቢ» የሚለው የተሰጠ ፓተንትን ያመለክታል። ማመልከቻዎች አብዛኛውን ጊዜ ከቀረቡ ከ18 ወር በኋላ ስለሚታተሙ፣ ገና ያልጸደቀ ማመልከቻ ይዘው «ፓተንት አለኝ» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ያቺ አንዲት ፊደል ታጋልጣለች።

ቀጥሎ ዝርዝር መግለጫውና ሥዕሎቹ ይመጣሉ፤ የሰነዱ ልብ ግን በመጨረሻ ያሉትና በቁጥር የተዘረዘሩት የመብት ጥያቄዎች ናቸው። ባለመብቱ ሊከለክል የሚችለው በእነዚህ ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ የሰፈረውን ብቻ ነው። ለምሳሌ አንድ ጥያቄ «በመጠጫ ዕቃ አፍ ላይ የሚጠመዘዝ ቀለበት፣ በቀለበቱ ላይ በማጠፊያ የተያያዘ ቆብ፣ እና ቆቡን ወደ መዘጋት የሚገፋ ሞላ ያካተተ ክዳን» ይላል እንበል። ተፎካካሪው ቀለበት፣ ማጠፊያ፣ ቆብና ሞላ ያለው ክዳን ሠርቶ ማጣሪያ ቢጨምርበት መብቱን ጥሷል፤ መጨመር አያድነውምና። ሞላውን ትቶ ቆቡ በእጅ ብቻ እንዲዘጋ ቢያደርግ ግን የጥያቄው አንድ አካል ስለጎደለ በአብዛኛው ከመጣስ ውጭ ነው። ስለዚህ ፈጣሪው መጀመሪያ ሲጽፍ ሞላው የግድ አስፈላጊ መሆኑን መጠየቅ ነበረበት። እያንዳንዱ የተጨመረ ቃል መብቱን ያጠብበዋል፤ ቃላት በጣም ሲቀነሱ ደግሞ ጥያቄው ቀድሞ የሚታወቀውን ነገር ይነካና ይወድቃል። የፓተንት ጠበቆች ክፍያ የሚጠይቁበት ሙያ በዋናነት ይህ ነው።

ፓተንት ለስንት ጊዜና በየት ይጸናል?

በዓለም ንግድ ድርጅት የአእምሯዊ ንብረት ስምምነት መሠረት የጥበቃው ጊዜ ማመልከቻው ከቀረበበት ቀን ጀምሮ ከ20 ዓመት ሊያንስ አይችልም፤ ሆኖም በየጊዜው የሚከፈለው የማደሻ ክፍያ ከተቋረጠ መብቱ ቀድሞ ይቀራል። «የዓለም ፓተንት» የሚባል ነገር የለም፤ መብቱ የሚጸናው በተሰጠበት አገር ወይም ቀጠና ብቻ ነው። በ1883 የተፈረመው የፓሪስ ስምምነት በአንድ አባል አገር ያመለከተ ሰው በ12 ወር ውስጥ በሌሎቹ ሲያመለክት የመጀመሪያው ቀኑ እንዲቆጠርለት ያደርጋል። በ1970 የተፈረመው የፓተንት ትብብር ውል ደግሞ በአንድ ዓለም አቀፍ ማመልከቻ ለብዙ አገሮች በር ከፍቶ፣ በየአገሩ ለመቀጠል መወሰኛውን ጊዜ ከመጀመሪያው ማመልከቻ አንሥቶ በጥቅሉ እስከ 30 ወር ያራዝማል። መብቱን ግን የሚሰጠው ወይም የሚከለክለው በየአገሩ ወይም በየቀጠናው ያለው ጽሕፈት ቤት ነው።

ከቅጂ መብት፣ ከንግድ ምልክትና ከንግድ ምስጢር በምን ይለያል?

የቅጂ መብት አንድ ሐሳብ የተገለጸበትን መንገድ ይጠብቃል፤ ሥራው እንደተሠራ ያለ ምዝገባ ይጀምራል። የንግድ ምልክት ዕቃው ከማን እንደመጣ የሚያሳውቅ ስም ወይም ምልክት ሲሆን እየታደሰ ያለ ገደብ ሊቆይ ይችላል። የንግድ ምስጢር የፓተንት ተቃራኒ ነው ማለት ይቻላል፤ ምንም ሳይገለጥ፣ ምስጢሩ እስከተጠበቀ ድረስ ይኖራል፤ ሌላ ሰው በራሱ ጥረት ከደረሰበት ግን መከልከል አይቻልም። በአሜሪካ እንግሊዝኛ «ዲዛይን ፓተንት» የሚባለው ደግሞ የዕቃን ውጫዊ ገጽታ ብቻ የሚጠብቅ ነው፤ በሌሎች አገሮች የኢንዱስትሪ ንድፍ ከሚባለው ጋር ይመሳሰላል።

ቃሉ እንደ ቅጽል ሲገባ ትርጉሙ ይለወጣል?

አዎን። «ኤ ፓተንት ላይ» ማለት ዓይን ያወጣ ውሸት ማለት ነው እንጂ በፓተንት የተጠበቀ ውሸት ማለት አይደለም፤ «ፓተንትሊ» የሚለው ተውሳከ ግስም በግልጽ፣ ያለ ጥርጥር ማለት ነው። በሕግ ቋንቋ «ፓተንት ዲፌክት» በተራ ምርመራ የሚታይ የዕቃ ወይም የሕንፃ ጉድለት ሲሆን፣ ተቃራኒው «ሌተንት» የተሰወረ ጉድለት ነው፤ ይህ ልዩነት ሻጭና ገዢ ሲካሰሱ ማን ይጠየቃል የሚለውን ሊወስን ይችላል። በሕክምና ደግሞ ቃሉ ያልተዘጋ ቧንቧን ወይም ቀዳዳን ይገልጻል። «ፓተንት ደክተስ አርቴሪዮሰስ» ማለት ሕፃን ከተወለደ በኋላ መዘጋት የነበረበት በልብ አጠገብ ያለ የደም ሥር ክፍት ሆኖ መቅረቱ ነው። ሐኪም የመተንፈሻ ቧንቧ ወይም የደም ሥር «ፓተንት» ነው ብሎ ሲጽፍ ግን ክፍት መሆኑን እየነገረን ስለሆነ ዜናው መልካም ነው።

አነባበቡም ይለያያል። አሜሪካውያን የፈጠራ መብቱን «ፓተንት» ሲሉ፣ «ግልጽ» የሚለውን ቅጽል በአብዛኛው «ፔይተንት» ይሉታል። በብሪታንያ በዕለት ተዕለት ንግግር ለሁለቱም «ፔይተንት» የተለመደ ሲሆን፣ በሙያው ውስጥ ያሉ ሰዎች መብቱን «ፓተንት» ማለትን ይመርጣሉ።

«ፓተንት ሌዘር» እና «ፓተንት ሜዲሲን» ከመብቱ ጋር ግንኙነት አላቸው?

«ፓተንት ሌዘር» ፊቱ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ቆዳ ነው፤ ስሙ የመጣው አሠራሩ ቀድሞ በፓተንት ተይዞ ስለነበር ነው። የ«ፓተንት ሜዲሲን» ታሪክ ግን ያሳስባል። በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝና በአሜሪካ በዚህ ስም ይሸጡ የነበሩት መድኃኒቶች አብዛኞቹ ፓተንት አልነበራቸውም፤ ፓተንት ቢጠይቁ ኖሮ የውስጣቸውን ምንነት መግለጥ ይኖርባቸው ነበርና። በብዙዎቹ ውስጥ አልኮል ወይም ኦፒየም ይገኝ ነበር፤ ለሕፃናት የሚሰጡትም ከዚህ አልጸዱም ነበር። አሜሪካ በ1906 ባወጣችው የምግብና የመድኃኒት ሕግ እንዲህ ያሉ አደገኛ ንጥረ ነገሮች በመለያ ወረቀቱ ላይ እንዲጻፉ አስገደደች።

«ፓተንት ትሮል» ማን ነው?

ራሱ ምንም ሳያመርት ፓተንቶችን ገዝቶ፣ በሌሎች አምራቾች ላይ ክስ በማስፈራራት ገንዘብ የሚሰበስብ ኩባንያ በነቀፋ የሚጠራበት ስም ነው። ሆኖም ያላመረተ ሁሉ እንዲህ ሊባል አይገባም፤ ዩኒቨርሲቲዎችም ሆኑ አቅም የሌላቸው ግለሰብ ፈጣሪዎች ራሳቸው ሳያመርቱ ለሌላው ፈቃድ በመስጠት በሕጋዊ መንገድ ይጠቀማሉ።

ባለመብቱ ፓተንቱን ለሌሎች ክፍት ሊያደርግ ይችላል?

ይችላል። የቮልቮ መሐንዲስ ኒልስ ቦህሊን በ1959 ያወጣውን ባለ ሦስት ነጥብ የመኪና የደኅንነት ቀበቶ፣ ኩባንያው ሌሎች አምራቾችም በነጻ እንዲጠቀሙበት ፈቅዷል። በ1923 ደግሞ የኢንሱሊን ፓተንት ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የተላለፈው ለእያንዳንዱ ባለመብት በተከፈለ 1 ዶላር ነበር። እዚህ ላይ መብቱ አልተጣለም፤ ዩኒቨርሲቲው ፓተንቱን የያዘው ሌላ ሰው ኢንሱሊንን በሞኖፖል እንዳይዝና የአመራረቱን ጥራት ለመቆጣጠር ነበር። ስለዚህ ፈጠራውን ለሁሉም ለማድረግ የሚፈልግ ሰው ከምንም በፊት መምረጥ ያለበት፣ ያለ ፓተንት አትሞ ማውጣትን ወይስ ፓተንቱን ይዞ በነጻ ፈቃድ መስጠትን ነው። ሁለተኛውን ከመረጠ ለማን፣ ለምን አገልግሎትና ለምን ያህል ጊዜ እንደፈቀደ በጽሑፍ ያስታውቅ። በብሪታንያ ለጠየቀ ሁሉ ፈቃድ ለመስጠት ዝግጁ መሆኑን በመዝገብ ያስመዘገበ ባለመብት የማደሻ ክፍያው በግማሽ ይቀነስለታል።